ከፓንተር ወደ ካማሮ፦ የአንድ የአሜሪካ ስፖርት መኪና ስያሜ የጉዳይ ጥናት

ጉዳዩ ለምን ተመረጠ

አንድ ምርት ባለቤቱ ስም ሳያወጣለት ሕዝቡ ሌላ ስም ቢያወጣለት ምን ይደረጋል? የጄኔራል ሞተርስ አካል የሆነው ሼቭሮሌ በ1966 የገጠመው ይኸው ነበር። አዲሱ መኪና ገና ሳይታይ በጋዜጦች ላይ ፓንተር (የድመት ዘር የሆነ አዳኝ አውሬ) ተብሎ ይጠራ ጀመር፤ ኩባንያው ግን መኪናውን በዚያ ስም መሸጥ አልፈለገም። ያንን ስም ለማጥፋትና አዲሱን፣ ካማሮን፣ ለመትከል የተሄደበት መንገድ ቀኑና ሰዓቱ ሳይቀር ተመዝግቧል። ስያሜ ላይ ለሚሠራ ሰው ከዚህ የተሻለ መማሪያ ማግኘት ከባድ ነው።

ሰዎቹ እዚህ በሥራ ድርሻቸው እንጂ በስማቸው አይጠሩም። ቀኖቹ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ዳራ

የጄኔራል ሞተርስ ተፎካካሪ ፎርድ፣ ማስታንግ (የዱር ፈረስ) የተባለውን መኪና ለሕዝብ ያቀረበው ኤፕሪል 17 ቀን 1964፣ በኒውዮርኩ የዓለም ኤግዚቢሽን ላይ ነው። መነሻ ዋጋው 2,368 ዶላር ነበር። በመጀመሪያዎቹ 12 ወራት 418,812 ተሸጠ፤ በማርች 1966 ደግሞ አንድ ሚሊዮንኛው ማስታንግ ከፋብሪካ ወጣ። ረጅም ኮፈን፣ አጭር የኋላ ክፍል፣ አራት መቀመጫና ወጣት የሚችለው ዋጋ ያለው እንዲህ ያለ መኪና ጄኔራል ሞተርስ ዘንድ አልነበረም። ሼቭሮሌ በእጁ የነበረው ኮርቬር ሞተሩ ከኋላ የተቀመጠ በመሆኑ ቪ-8 የሚባለውን ትልቅ ባለ ስምንት ሲሊንደር ሞተር ሊሸከም አይችልም። ስለዚህ በውስጥ መለያው ኤክስፒ-836 የተባለ ፕሮጀክት ተጀመረ፤ በፊትና በኋላ ጎማዎች መካከል ያለው ርቀት እንኳ ከማስታንግ ጋር እኩል፣ 108 ኢንች ሆነ።

በዚያ ዘመን የአሜሪካ የመኪና ኢንዱስትሪ ማዕከል በሆነችው ዲትሮይት ውስጥ የመኪና ስም ከጥቂት ምንጮች ይቀዳ ነበር፦ ከእንስሳት፣ ከቦታ፣ ከጦር መሣሪያና ከእሽቅድምድም ዓለም። ኮርቬት በ1953 ስሙን የወሰደው ከትንሽ ፈጣን የጦር መርከብ ነው። የፖንቲያክ ጂቲኦ ሦስት ፊደሎቹን በቀጥታ ያነሳው ከፌራሪ ነው። የፕሊማውዝ ባራኩዳ ማስታንግን በሁለት ሳምንት ቀድሞ ገበያ ሲገባ ስሙን ያገኘው ከንድፍ ክፍሉ ነበር፤ ከኃላፊዎቹ በኩል የቀረበው ፓንዳ የሚል ስለነበር የንድፍ ሠራተኞቹ ተቃውመው ባራኩዳን አስመረጡ። ማስታንግም ቢሆን እዚያ ስም ላይ የደረሰው ኩጋርና ቶሪኖን አልፎ ነው።

ሼቭሮሌ ከሌሎቹ የሚለይበት አንድ ልማድ ነበረው። በእኛ ፊደል ሲጻፍ አይታወቅም እንጂ፣ ኮርቬት፣ ኮርቬር፣ ሼቬልና ሼቪ ቱ በእንግሊዝኛ ሁሉም «ሲ» በሚባለው ፊደል ይጀምራሉ፤ የኩባንያው ስም ራሱም እንዲሁ። ኢምፓላ ከዚህ ውጭ ስለነበር ልማዱ ጥብቅ ሕግ አልነበረም። ሆኖም ለአዲሱ መኪና የሚፈለገውን ስም በእጅጉ አጥብቦታል።

ችግሩ

ፓንተር የሚለው ስም በጋዜጦች ላይ ሲደጋገም ከርሟል። ከሥዕልና ከሸክላ ሞዴል ጀምሮ በንድፍ ክፍሉ ውስጥ የሚሞከሩ ስሞች ብዙ ጊዜ መኪናው ላይ ተጽፈው ይለጠፉ ነበር። እንዲህ ያለ ጽሑፍ አንዴ ዓይን ውስጥ ከገባ ከግቢ ለመውጣት ጊዜ አይፈጅበትም። የመኪና መጽሔቶችም ስለ ፕሮጀክቱ ሲጽፉ የውስጥ መለያ ቁጥሩን ሳይሆን ፓንተርን መረጡ፤ ለአንባቢ ከኤክስፒ-836 ይልቅ ፓንተር ይቀላል።

ስሙ ለምን አስቸጋሪ ሆነ? መጀመሪያ፣ ከሼቭሮሌ የፊደል ልማድ ውጭ ነበር። ሁለተኛ፣ የፎርድ እህት ክፍል ሜርኩሪ በዚያው የመኸር ወቅት ኩጋር የሚባል መኪና ሊያወጣ ነበር። በአንድ ወቅት ሁለት የድመት ዘር ስሞች ገበያ ቢወጡ ዘግይቶ የሚናገረው ኮራጅ ይመስላል።

ሦስተኛው የጊዜው ሁኔታ ነው፤ እኛ ከሁሉም ይህኛው ይከብዳል እንላለን። ኮርቬርን በደኅንነት ጉድለት የሚከስ መጽሐፍ በ1965 ወጥቶ ነበር። በማርች 1966 የጄኔራል ሞተርስ ፕሬዚዳንት ሴኔት ፊት ቀርበው፣ ኩባንያው በመጽሐፉ ደራሲ ላይ ላደረገው ክትትል ይቅርታ ጠይቀዋል። የመንገድና የተሽከርካሪ ደኅንነት ሕጉም በሴፕቴምበር 9 ቀን 1966 ተፈረመ። እንዲህ ባለ ሰሞን ለወጣቶች የሚሸጥን ፈጣን መኪና በአዳኝ አውሬ ስም መጥራት ለተቺ መሣሪያ ማቀበል ነበር።

በዚህ ላይ የሕግና የፋብሪካ ጊዜ ይታከላል። በዚያ ዘመን በአሜሪካ የንግድ ምልክት ለማስመዝገብ ስሙ አስቀድሞ በንግድ ላይ መዋል ነበረበት፤ «ልጠቀምበት አስቤያለሁ» ብሎ ማመልከት የተፈቀደው ከኖቬምበር 1989 ወዲህ ነው። ስለዚህ ስም ከመለቀቁ በፊት ከሚደረግለት ጥበቃ ዋነኛው ምስጢርነቱ ነበር። በኮፈኑና በፓራፋንጎው ላይ የሚቀመጡት የብረት ጽሑፎች ደግሞ ቅርጻቸው ተሠርቶ፣ ቀልጠው ፈስሰው፣ ክሮም ተነክረው ወደ መገጣጠሚያው መድረስ አለባቸው። መኪናው በመኸር የሚሸጥ ከሆነ የስም ውሳኔ ከክረምቱ ማለፍ አይችልም።

የተወሰዱ እርምጃዎች

ስሙን ያገኙት ሁለት ሰዎች ናቸው ተብሎ ተመዝግቧል፦ የሼቭሮሌ የሽያጭ ማስፋፊያ ኃላፊና አንድ የጄኔራል ሞተርስ ምክትል ፕሬዚዳንት። በ1936 የታተመ የፈረንሳይኛና የእንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት ሲያገላብጡ ካማሮ የሚል ቃል አገኙ። መዝገበ ቃላቱ ቃሉን የመንገድ ቋንቋ ብሎ፣ ወዳጅ ወይም ጓደኛ ሲል ይፈታዋል። ቃሉ በሚፈለገው ፊደል ይጀምራል፣ ሲነገር ሦስት ክፍለ ቃል ብቻ አለው፣ በሌላ መኪና ላይም አልዋለም።

ቀጥሎ የመጣው የሕዝብ ግንኙነት ክፍሉ ሥራ ነው። ጁን 21 ቀን 1966 ወደ 200 ለሚጠጉ የመኪና ጋዜጠኞች ቴሌግራም ደረሳቸው። ለጁን 28 እኩለ ቀን ጊዜያቸውን እንዲይዙ፣ አንድን ድመት በማስወገድ ሥራ ላይ እንዲያግዙ ይጠይቃል። የጠሪው ማኅበር ስም በምህጻረ ቃል ብቻ ተቀምጧል፤ የፈረመው የሼቭሮሌ የሕዝብ ግንኙነት ሠራተኛ ራሱን የማኅበሩ ጸሐፊ ብሏል። በማግስቱ ሁለተኛ ቴሌግራም ምህጻረ ቃሉን ፈታው፦ «ፓንተርን ከአውቶሞቢል ዓለም የማጥፋት ማኅበር»። ማኅበሩ የመጀመሪያና የመጨረሻ ስብሰባውን ጁን 28 ያደርጋል።

ጁን 28 ቀን 1966፣ በእኛ አቆጣጠር ሰኔ 21 ቀን 1958 ዓ.ም.፣ ዲትሮይት በሚገኘው ስታትለር ሂልተን ሆቴል ጋዜጣዊ መግለጫው ተሰጠ። በስልክ መስመር 14 ከተሞች በአንድ ጊዜ ተገናኝተው ነበር፤ ለጋዜጣዊ መግለጫ ይህን ያህል ከተማ በቀጥታ ሲገናኝ የመጀመሪያው ነው ተብሎለታል። የሼቭሮሌ ዋና ሥራ አስኪያጅ በቦታው የተገኙትን ሁሉ የማኅበሩ መሥራች አባላት ብለው ሰየሙ፤ ስብሰባው የመጨረሻው እንደሆነም አስታወቁ። ከዚያም ኤክስፒ-836 ስሙ ካማሮ መሆኑን፣ ከሼቭሮሌ ሌሎች ስሞች ጋር በመነሻ ፊደሉ እንደሚስማማ፣ ትርጉሙም መኪና ለባለቤቱ ሊሆን የሚገባውን ዓይነት ወዳጅነት እንደሚያመለክት ተናገሩ። አያይዘውም ለእነሱ ስሙ መኪናው የሚያደርገውን ማለት ነው፣ እርሱም መሄድ ነው አሉ።

መኪናው ማሳያ ክፍሎች የደረሰው ሴፕቴምበር 29 ቀን 1966 ነው። ስሙ ከመኪናው ሦስት ወር ቀድሞ ወጥቷል ማለት ነው። ይህ ልዩነት ቀላል አይደለም፤ ሻጭም ገዢም ስሙን የለመደው መኪናውን ከማየቱ በፊት ነው።

የሠራው

ፓንተር ጠፋ። ከጁን 28 በኋላ ስሙ እንደ አሮጌ ወሬ ካልሆነ በቀር አልተነሳም።

የሠራበት ምክንያት መመርመር አለበት፤ በተለምዶ የሚሰጠው ምክር የማይፈለገውን ስም ባለቤቱ ራሱ እንዳይጠራው ነውና። ሼቭሮሌ ግን ፓንተርን በአደባባይ፣ ያውም በማኅበር ስም ውስጥ አስገብቶ ጠራው። ሦስት ነገሮች ከጉዳት አዳኑት። አንደኛ፣ ተተኪው ስም እዚያው ሰዓት ቀረበ፤ ጋዜጠኛው «ፓንተር አይደለም» የሚል ዜና ይዞ ሳይሆን «ካማሮ ነው» የሚል ዜና ይዞ ወጣ። ሁለተኛ፣ ጥሪው ከመግለጫው አንድ ሳምንት ብቻ ቀደመ፤ ለመጓጓት በቂ፣ ለአዲስ ግምት ግን አጭር ጊዜ ነው። ሦስተኛ፣ የ14ቱ ከተሞች ግንኙነት ዜናው ከሁሉም ቦታ በአንድ ቀን እንዲወጣ አደረገ። ዲትሮይት ላይ ብቻ ተነግሮ ቢሆን በሌሎች ከተሞች ፓንተር ለሳምንታት በቆየ ነበር።

የፊደሉ ልማድም ጠቅሟል። አዲስና ባዶ ቃል ብቻውን ሲቆም እንግዳ ነው፤ ከኮርቬትና ከሼቬል ጎን ሲቆም ግን የአንድ ቤት ልጅ ይመስላል።

ያልሠራው

ትርጉሙ አልሠራም። ከአንድ መድረክ ሁለት ትርጉም ተነገረ፣ ወዳጅነትና መሄድ፤ ሁለቱም አልተያዙም። ፈረንሳይኛ የሚያውቅ ሰው ጓደኛ የሚለውን ቃል ካማራድ ብሎ ነው የሚያውቀው፤ ካማሮን ሲሰማ ወዳጅ አይታሰበውም። ጋዜጠኞች ወደ ስፓኒሽ መዝገበ ቃላት ሲሄዱ ደግሞ ካማሮን የሚል ቃል አገኙ፤ ሽሪምፕ የሚባለው ትንሽ የባሕር እንስሳ ነው። የተፎካካሪው ወገን ይህን ማንሳት ወደደ።

ስህተቱ የቱ ጋ ነው? ቃሉን በትክክለኛ ፊደሉ መፈለግ አይበቃም ነበር። በገበያው ውስጥ በሚነገሩ ቋንቋዎች ሁሉ አንድ ፊደል የሚጨምሩትንና የሚቀንሱትን ጎረቤት ቃላትም ማየት ያስፈልጋል። በ1966 በካሊፎርኒያ፣ በቴክሳስና በፍሎሪዳ ስፓኒሽ የሚናገር ብዙ ገዢ ነበር፤ ፈረንሳይኛ የሚናገረው ግን ጥቂት ነው። ፍለጋው የተጀመረው ከሩቁ ቋንቋ ነው።

ለማስታወስ ያህል፣ በእንዲህ ያለ ወሬ ላይ ሁልጊዜ የሚጠቀሰው የሼቭሮሌ ኖቫ በስፓኒሽ «አይሄድም» ስለሚል በላቲን አሜሪካ አልተሸጠም የሚለው ታሪክ እውነት አይደለም፤ መኪናው በሜክሲኮና በቬኔዝዌላ ተሽጧል። የጎረቤት ቃል ችግር ሽያጭ አያቆምም። የሚጎዳው የማስተዋወቂያውን ሳምንት ነው፤ ያ ሳምንት ደግሞ ብዙ ገንዘብ የፈሰሰበት ነው።

ካማሮ ምንድን ነው ተብለው ሲጠየቁ የኩባንያው ሰዎች ከሰጧቸው መልሶች አንዱ ግን እስከ ዛሬ ይጠቀሳል፦ ማስታንግ የሚበላ ትንሽ ክፉ አውሬ። መልሱ ይያዛል፤ ሆኖም ዋጋ አስከፍሏል። የዋና ሥራ አስኪያጁን የወዳጅነት ንግግር ሻረው፤ መኪናውንም በራሱ ሳይሆን በተፎካካሪው እንዲለካ አደረገው። በ1967 ሞዴል ዓመት 220,906 ካማሮ ሲሠራ ማስታንግ ከ472,000 በላይ ነበር። በልተነዋል ብሎ የጀመረ ሰው ይህ ቁጥር በየጊዜው ይጠቀስበታል።

ስሙ ትርጉሙን ያገኘበት ቦታ

የካማሮን ስም የሞላው በሆቴሉ የተባለው ሳይሆን በትዕዛዝ ቅጹ ላይ የነበረ አንድ ቁጥር ነው።

የአሜሪካ ስፖርት መኪና ክለብ በ1966 ትራንስ-አም የተባለ የእሽቅድምድም ተከታታይ ጀምሮ ነበር። የሚፈቀደው ከፍተኛ የሞተር መጠን 5 ሊትር፣ ማለትም 305 ኪዩቢክ ኢንች ነው። ሼቭሮሌ ከዚህ በታች የሆነ ኃይለኛ ሞተር አልነበረውም፤ 283ቱ ያንሳል፣ 327ቱ ያልፋል። መፍትሔው በመጋዘን ውስጥ ነበር። የ327ቱን ብሎክ፣ 4 ኢንች የሲሊንደር ስፋት ያለውን፣ ከ283ቱ ክራንክሻፍት (ፒስተኖቹ የሚያሽከረክሩት ዘንግ) ጋር አገናኙት፤ የፒስተኑ ምት 3 ኢንች ሆነ። ስምንት ሲሊንደር ተደምሮ 301.6 ኪዩቢክ ኢንች ወጣ፤ 302 ተባለ። በይፋ የተሰጠው ኃይል 290 የፈረስ ጉልበት ነበር። ባለ አራት ማርሽ የእጅ ካምቢዮና የፊት ዲስክ ፍሬን ግዴታ ሆኑ።

ይህ ጥቅል ስም አልወጣለትም። በፋብሪካው የአማራጭ ዝርዝር ላይ ሌሎቹ የካማሮ ጥቅሎች፣ ራሊ ስፖርት ዚ-22፣ ሱፐር ስፖርት ዚ-27 ነበሩ፤ ይህኛው ዚ-28 ተባለ። በ1967 የተሠሩት 602 ብቻ ናቸው፤ በላያቸውም ምንም የስም ጽሑፍ አልነበረም። የሚያውቅ ሰው የሚለያቸው በኮፈኑና በኋላ ክዳኑ ላይ በተቀቡት ሁለት ሰፊ መስመሮች ነው። በ1968 መጀመሪያ በፓራፋንጎው ላይ 302 የሚል ጽሑፍ ተለጠፈ። ገዢዎች ግን መኪናውን በትዕዛዝ ቁጥሩ እየጠሩት ስለነበር በዚያው ሞዴል ዓመት ጽሑፉ ወደ ዚ-28 ተቀየረ። ፋብሪካው በሕዝቡ አጠራር ተመራ። በ1968 የተሠሩት 7,199 ደረሱ፤ ካማሮም የ1968ንና የ1969ን የትራንስ-አም የአምራቾች ሻምፒዮና ወሰደ። ከዚያ ወዲያ ካማሮ ምን ማለት ነው ብሎ መዝገበ ቃላት የሚገልጥ አልነበረም።

በእህት ክፍሉ የሆነው

ሌላው የጄኔራል ሞተርስ ክፍል ፖንቲያክ በካማሮው አካል ላይ የራሱን መኪና ሲሠራ የታሰበው ስም ባንሺ ነበር። ባንሺ በአየርላንድ አፈ ታሪክ የቤተሰብ ሞት ሲቃረብ የምታለቅስ መንፈስ ናት። ይህ ሲታወቅ ስሙ ተሰረዘና ጄኔራል ሞተርስ ከ1953 ጀምሮ በተርባይን የሙከራ መኪኖቹ ላይ የተጠቀመበት ፋየርበርድ ተወሰደ። በእጅ ያለን የራስ ስም መጠቀም የፍለጋ ወጪም የባለቤትነት ክርክርም የለውም። መኪናው በፌብሩዋሪ 1967 ወጣ።

በ1969 ፋየርበርድ ላይ ትራንስ አም የሚል ስም ሲጨመር ፖንቲያክ ለስፖርት መኪና ክለቡ በእያንዳንዱ መኪና 5 ዶላር ይከፍል ነበር። በዚያ ዓመት የተሠሩት 697 ስለነበሩ ክፍያው ከ3,500 ዶላር አይበልጥም። ለማነጻጸር፣ ፕሊማውዝ በ1968 ሮድ ረነር የሚለውን ስምና የካርቱን ወፏን ለመጠቀም ለዋርነር ብራዘርስ 50,000 ዶላር ከፍሏል። የፖንቲያኩ ትራንስ አም ባለ 400 ኪዩቢክ ኢንች ሞተር ስለነበር ስሙን በያዘበት ውድድር በዚያ ሞተር መግባት አይችልም ነበር። ስሙ ግን ለብዙ ዓመታት ቆይቷል። እሽቅድምድም ሜዳ ላይ ያልተገኘ ስም አይጸናም ለሚል ሰው ይህ ጥሩ ማስተባበያ ነው፤ ዚ-28ን ብቻ አይቶ መደምደም አይገባም።

ለሌላ ሥራ የሚጠቅሙ ነጥቦች

በሥራ ላይ ያለ ፕሮጀክት የሚጠራበት ስም ማንም የማይወደው ቢሆን ይሻላል። ኤክስፒ-836 አልሾለከም፤ ፓንተር ግን ሾለከ። ለሙከራ የሚለጠፍ ጽሑፍ ካስፈለገ ከአምስት ያላነሱ የተለያዩ ስሞች በተለያዩ ሞዴሎች ላይ ቢደረጉ አንዱ ብቻውን አይነግሥም።

የተሳሳተ ስም ከተሰራጨ በቁርጥራጭ ማስተባበያ መከታተሉ አይጠቅምም። ተተኪው ተዘጋጅቶ፣ ቀን ተቆርጦ፣ በሁሉም ቦታ በአንድ ሰዓት መነገር አለበት። ተተኪ ሳይኖር የሚደረግ ማስተባበያ የድሮውን ስም ማጠናከር ነው።

ለስሙ ከአንድ በላይ ትርጉም አይሰጥ። ሥራ አስኪያጁ «ከሼቭሮሌ ቤተሰብ ነው» ብለው ቢያቆሙ በቂ ነበር፤ በተጨማሪ የተነገረው እያንዳንዱ ትርጉም ለጋዜጠኛ አዲስ ጥያቄ ከፈተ። ጥያቄ የሚመልሱት ሁሉ አስቀድመው አንድ መልስ ቢይዙ ኖሮ የሥራ አስኪያጁ ወዳጅና የሠራተኞቹ አውሬ በአንድ ሰሞን ባልተጋጩ።

ደንበኞች ለምርቱ አጭር መጠሪያ ካወጡለት፣ ስድብ እስካልሆነ ድረስ፣ ጽሑፉን ወደዚያ መቀየር ያዋጣል። ከ302 ወደ ዚ-28 የተደረገው ለውጥ የአንድ ትንሽ ብረት ጽሑፍ ቅርጽ ከመሥራት የዘለለ ወጪ አልነበረውም።

የመጨረሻው የምዝገባ ጉዳይ ነው፤ ለዚህም ማስታንግ ራሱ ምስክር ነው። ስሙ በጀርመን ክሩፕ በሚባለው ኩባንያ ለከባድ መኪኖች አስቀድሞ ተይዞ ስለነበር ፎርድ እስከ 1970ዎቹ መጨረሻ ድረስ መኪናውን እዚያ የሸጠው ቲ-5 ብሎ ነው። ማስታንግ የሚሉት ጽሑፎች ተነሥተው በምትካቸው የቲ-5 ጽሑፍ ይገጠም ነበር፤ በፊት ግሪሉ ላይ የሚሮጠው ፈረስ ግን ባለበት ቀረ። ምርቱን ወደ ሌላ አገር የመላክ ሐሳብ ያለው ሰው የዚያን አገር የምልክት መዝገብ ማየት ያለበት የብረት ጽሑፉ ቅርጽ ከመታዘዙ በፊት ነው። ከዚያ በኋላ የሚገኝ ችግር ለአንድ ገበያ ብቻ የተለየ ዕቃ፣ የተለየ ብሮሹርና የተለየ የመለዋወጫ ቁጥር ያስከትላል።